ፎቶሽ ያልተሰቀለበት ግድግዳ

ሹክሪያዬ፣ አላህ በሄድሽበት ሁሉ ይጠብቅሽ። ፍየላችን የጎረቤት ጫት ስትበላ እጅ ከፍንጅ መያዟን በታላቅ ሀዘን አስታውቅሻለሁ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። እዚህ ጭሮ ሁለተኛ ደረጃን የጨረስሽበት ትምህርት ቤት ለቁም ነገር የበቁ ልጆቹን እሁድ ዕለት አከበረ። ፎቶሽን ሊሰቅሉ ኢንተርኔት ላይ ቢፈልጉሽ፣ «ሁለተኛ ደረጃን የጨረስኩት አዲስ አበባ ነው» ብለሽ ጽፈሻል! «እንግዲያው የእኛ አይደለችም» ብለው ስምሽን ሰረዙት። አንቺ ዶክተር፣ ጭሮ ምን በደለችሽ? ፊዚክስ ያስተማሩሽ መምህር ደረጀ በንዴት አዳራሹን ጥለው ወጡ። ከአንቺ ሲኮርጅ የኖረው የሂርናው ኢርሻድ ግን እንደ ሙሽራ ደምቆ ተሰቅሏል!

እባክሽ ዛሬውኑ አስተካክይው። አላህ ልብሽን ወደ አገርሽ ይመልሰው።

አያትሽ ጃዕፈር

መምህር ደረጀ ጥለው ወጡ ያልኩሽ ፈጠራዬ ነው። እሳቸው «ብቻ ደህና ትሁን» ብለው ፈገግ አሉ። የባሰ ያበሸቀኝም እሱ ነው።