ባለበት የማይዞር መርከብ

ለውድ ወንድሜ ለሙሉብርሃን፣

እንደምን ሰንብተሃል? የምጽዋ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ያ የሚያስቸግርህ ጆሮህስ ተሻለህ? እማዬን ክረምቱ ጉልበቷን ቢይዛትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም አለን። እኔ ግን ከሰኞ ጀምሮ ክው እንዳልኩ ነኝ፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንኳ አቅቶኛል።

ለፋሲካ መጥተህ ስለ መርከብ ያወራኸን ትዝ ይልሃል? ዝናቡ ሥራ ሲያቀዘቅዝብን፣ እኔና ባለጋሪው ጉደታ ከዚያ ወሬ ጨዋታ አወጣን። በልብስ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ በጠመኔ ባሕር እንሥላለን፤ መርከቦቹ የክብሪት ቀፎዎች ናቸው፤ ፊታቸው እንዲለይ ቀይ ክር አስረንባቸዋል። የመዞሪያውን ሕግ መጀመሪያ ያወጣው ጉደታ ነበር። መቼም የሚያውቀው ጋሪ ነውና፣ መርከቡ ሁሉ ባለበት ይዙር አለ። ጨዋታው ለዛ አጣ፤ ማንም ማንንም መያዝ አልቻለም። ኋላ መርከብ መሪው ቢጠመዘዝም ወዲያው አይታዘዝም ያልከን ትዝ አለኝና፣ አንድ ስንዝር ቀጥ ብሎ ሳይሄድ እንዳይዞር ደነገግን። ከዚያ ወዲያማ ምሳችንን የምንረሳ ሆንን።

ሰኞ ዕለት አብዮት ጥበቃዎች ከነቀፎዎቻችን ወደ ቀበሌ ወሰዱን። ለካ አንዱ የጦር ካርታ ይሥላሉ ብሎ ጠቁሞብናል። ሊቀመንበሩ ጓድ ነገሪ ጨዋታ ነው ስንለው፣ እስቲ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ተጫወቱ ልይ አለ፤ ቆይቶ ራሱም ገባበት። መርከቡ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሲደርስበት ባለበት አዞረው። ጉደታ እጁን ያዘው! የሊቀመንበሩን እጅ! የአብዮት መርከብ እንደታዘዘ ይዞራል ቢለው፣ ጉደታ፣ ጓድ፣ የማንም ይሁን ስንዝሩን ሳይሄድ አይዞርም፣ ባሕር የቀበሌ ትእዛዝ አይሰማም አለው።

ጓድ ነገሪ ቀፎውን አንድ ስንዝር ገፋው፤ ወደቀ። አንዱ ጥበቃ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል አፉን ያዘ። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ አነሣውና ይህን ሕግ ማን አስተማራችሁ አለ። ምን እናድርግ፣ የአንተን ስም ጠራን። እንግዲያው ባሕረኛው በፊርማው ያረጋግጥ፣ እስከዚያ ይህ ሰው እዚሁ ይቆያል ብሎ ጉደታን አስገባው።

እስካሁን ማመን አቅቶኛል። ሰው በክብሪት ቀፎ ይታሰራል? ፈረሱን እኔ አጠጣለሁ። ሚስቱ ወይዘሮ ሎሚ ስንቅ ታመላልሳለች፤ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ግን አታናግረኝም።

እማዬ አገላብጣ ትስምሃለች። እኅታችን ሸዋወርቅ ካልሲ እየሠራሁለት ነው በሉልኝ ብላለች፣ በዚያ ሙቀት! ጉደታም ከታሰረበት ሆኖ አካም ጂርታ በልልኝ ብሏል።

ይህን የሚያደርስልህ የጭነት መኪና ሾፌሩ ጆቴ ነው፤ መልሱንም በእሱ እጅ ላክልኝ። መርከብ እንደዚያ መዞሩ እውነት ከሆነ ፈርመህ ላክ። ያን ዕለት ስትቀልድብን ከነበረም፣ እውነት ነው ብለህ ፈርም።

ወንድምህ ወልደአማኑኤል
ናዝሬት፣ ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.