የባለቤቴን ክንድ አራት ደቂቃ ለያዙት ሐኪም

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የቆዳ ሕክምና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በባለቤቴ ሁለተኛ ክትባት ላይ የቀረበ ተቃውሞ፣ እንዲሁም ልዩ ልዩ ምስጋና

ክቡር ዶክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ የእጅዎ ልስላሴ፣ የድምፅዎ ዝግታና ወይዛዝርትን ከወንበር ደግፎ የማስነሣት ትሕትናዎ አንዳችም ሳይጓደልበት ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ እመኛለሁ። እኔ ከግራ ጭኔ በስተቀር ደኅና ነኝ፤ የጭኔን ነገር በቦታው አስረዳለሁ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ በዚሁ ሆስፒታል ምድር ቤት በነበረው የቅባት መቀመሚያ ክፍል ሠላሳ ሰባት ዓመት የሠራሁ ጡረተኛ ነኝ። ትምህርት ቤት የቆየሁት አራት ዓመት ብቻ ነው፤ የቀረውን የተማርኩት በብልቃጥ ላይ ከተለጠፈ ጽሑፍ፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ የቅመማ መጽሐፍና ከራሴ ስሕተት ነው። የሥራ ባልደረቦቼ "ዘነዘና" ይሉኝ ነበር፤ በሥራዬ ይሁን በጠባዬ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ባለቤቴ የወረርሽኙን የመጀመሪያ ክትባት በግራ ክንዷ ተወጋች። ሳምንት ሙሉ ምንም አልነበራትም፤ በስምንተኛው ቀን ግን መርፌው የገባበት ቦታ ክብ ሆኖ ቀላ፣ ሞቀ፣ አሳከካት። በቤታችን ቆዳን የሚመለከት ጉዳይ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ የእኔ ሥልጣን ነው። የሦስት ልጆቻችንን ኩፍኝ ገና ከጆሯቸው ጀርባ ሲጀምር ያየሁት እኔ ነኝ፤ የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊውን አልማዝ ባለጭራ ሸሚዙን ሳያወልቅ፣ ጎኑን ይዞ ሲያቃስት ብቻ አይቼ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ማንንም ሳላማክር ሰምና ዘይት አቅልጬ፣ ካምፎርና የቅርንፉድ ዘይት ጨምሬ፣ ክንዷን ከትከሻ እስከ ክርን በቀን አራት ጊዜ አሸኋት። በሦስተኛው ቀን መቅላቱ ወደ ታች ወረደ። ባለቤቴም ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከእኔ ፈቃድ ሳትጠይቅ ወደ እርስዎ ለመምጣት ተነሣች፤ እኔም ቆቤን ይዤ ከኋላዋ ተከተልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለተኛውን መርፌ እንዳትወጋ ከልክያለሁ። ቀጠሮዋ የፊታችን ማክሰኞ ነው። ምክንያቶቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ "አባባ" ስላሉኝ። የጠፋ አባት እየፈለጉ ከሆነ አዝናለሁ፤ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ቆጥሬያቸዋለሁ፣ እርስዎ የሉበትም። ባለቤቴን ደግሞ "እናቴ" አሏት፤ እሷም "ዶክተርዬ" ብላ መለሰችልዎ። እኔን እንዲህ አቆላምጣ የጠራችኝ ለመጨረሻ ጊዜ ታናሿ ልጃችን ስትወለድ ነበር፤ እሱም በምጥ ላይ ሳለች ስለሆነ ከማስረጃ አይቆጠርም። ስለ ትሕትናዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ስብ ስላስተማሯት። ክትባቱ ማለት ለሰውነት የተላከ መልእክት እንደሆነ፣ መልእክቱ ግን በቀላሉ የሚበጣጠስ በመሆኑ በዓይን በማትታይ የስብ ጠብታ ተጠቅልሎ እንደሚላክ፣ የሕዋሳችን ቆዳም ራሱ ከስብ የተሠራ ስለሆነ ስብ ለስብ በሩን እንደሚከፍት፣ ሰውነትም መልእክቱን አንብቦ ቫይረሱን ሳይመጣ አስቀድሞ እንደሚያውቀው፣ በክንዷ ላይ የታየው ክብ መቅላትም የዚያ ትምህርት ጫጫታ እንጂ ቁስል እንዳልሆነ በሚገባ አብራርተውላታል። ግሩም ነው። ቤት ስንገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ይህንኑ ለእኔ አስረዳችኝ። ለእኔ! እኔ ሰሙንና ዘይቱን በእኩል ሙቀት አቅልጬ፣ ውሃውን እንደ ክር እያቀጠንኩ አፍስሼ፣ እጄ ቢዝል እንኳ አቅጣጫ ሳልለውጥ እያማሰልኩ፣ ውሃንና ቅባትን ለማስታረቅ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሽምግልና የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ቆዳ ለውሃ በሩን ዘግቶ ለቅባት እንደሚከፍት ነግሬያት ነበር። ያን ጊዜ አዛጋች። ከእርስዎ አፍ ሲወጣ ግን "አይገርምህም?" ትለኛለች። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ያሉ አበው ወርቁን ራሱን ቢጠይቁት ኖሮ ብዙ ይነግራቸው ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ መዝገቤ። ጡረታ ስወጣ የሁለት መቶ አሥራ አንድ ቅባቶችን አሠራር፣ ለማን እንደተሰጠ፣ ማንን እንዳሻለና ማንን እንዳሳከከ በእጄ የጻፍኩበትን ወፍራም መዝገብ ለሆስፒታሉ አስረክቤ ነበር። በእርስዎ ክፍል ውስጥ ሳገኘው፣ ከኮምፒውተርዎ ሥር ተቀምጦ ስክሪኑን ወደ ዓይንዎ ከፍ አድርጎ ይዞታል። ዕውቀቴ ለዘመናዊ ሕክምና መሠረት ሆኖ በማየቴ የተሰማኝን ደስታ በቃላት መግለጽ ይከብደኛል።

አራተኛው ቅሬታ ስለ ሽቶዎ ነበር። ይህን ደብዳቤ የምትተይብልኝ ታናሿ ልጄ "አባዬ፣ ኧረ ይሄስ ያሳፍራል" ስላለችኝ ተሰርዟል።

አምስተኛ፣ ስለ እጄ። ባለቤቴን አስቀምጠው ክንዷን በሁለት እጅዎ ያዙ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት በትክክል የሚሠራ ከሆነ ለአራት ደቂቃ ያህል አልለቀቁትም። ሦስት ተማሪዎችዎን ጠርተው ከላይ ያለውን ክብ አሳዩአቸው፤ ይህ ከክትባቱ የመጣ ነው፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ያለ መድኃኒት ይጠፋል፣ ሁለተኛውን መርፌም አያስከለክልም አሏቸው። ቀጥለው ከክቡ በታች እስከ ክርኗ የወረዱትን አራት ቀያይ መስመሮች አሳዩአቸው። ተማሪዎቹም ተራ በተራ የማላውቃቸውን የበሽታ ስሞች ጠሩ። እርስዎ ሁሉንም በፈገግታ ሰምተው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞር ብለው "አባባ፣ እስቲ እጅዎን" አሉኝ። መዳፌን ክንዷ ላይ አጋደሙት። አራቱ ጣቶቼ በአራቱ መስመሮች ላይ እንደ ቁልፍ በቁልፍ ቀዳዳ ገጠሙ። አንደኛዋ ተማሪ ሳቋን በጓንቷ አፈነችው፤ ባለቤቴ ግን ጓንት ስላልነበራት አላፈነችውም። "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ያንተ ነገር ነው" አለችኝ በእነዚያ ሁሉ ልጆች ፊት። የሰጧት ክሬም በጣት ጫፍ መጠን ብቻ የሚቀባ፣ ሽታ የሌለው፣ ከትንሽ ቱቦ የሚወጣ ነው። ሌላ ሰው ሳያየኝ ቀምሼዋለሁ። ምንም አይልም።

እኔ ግን ነገር የሚነገረኝ ሰው አይደለሁም፤ ነገርን በዓይኔ አይቼ የማምን ሰው ነኝ። ቤት እንደደረስን ባለቤቴ ማክሰኞ ይዛው የምትሄደውን የክትባት ካርድ ከመሳቢያው አንሥቼ በባዶ ብልቃጦቼ ሣጥን ውስጥ ሸሸግሁት፤ ቀጥዬም ያንኑ ቅባት በአራት ጣቴ አንሥቼ የራሴን ግራ ጭን በቀን አራት ጊዜ፣ ለሦስት ቀን አሸሁ። ጭኔ ክትባት አያውቅም። በሦስተኛው ቀን አራት ቀያይ መስመሮች ወጡበት። በወረቀት ላይ ቀኑን፣ መጠኑንና ውጤቱን ጻፍኩ፤ ከቅርንፉዱ ዘይት ሌላ ተጠያቂ አላገኘሁም። ባለቤቴ ሱሪዬን ከፍ አድርጌ በር ላይ አየር ሳስመታው ደርሳ፣ "አንተ ሰውዬ! አንተንም ዶክተሩ ነካህ እንዴ?" አለችኝ። ከዚያ ቱቦዋን አምጥታ፣ በጣት ጫፍ መጠን ብቻ ቀባችኝ። እንዲህ አድርጎ መቅባትን ያስተማሯት እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናው ለእርስዎ ይድረስ፤ ያ እጅ ግን የእኔ ሚስት እጅ ነው።

ክቡር ዶክተር፣ ይህ ሁሉ ግን ዋናው ቅሬታዬ አይደለም። ልጄ ስድስተኛ ብላ ልትጽፈው ነበር፤ ቁጥር እንዳትሰጠው አዝዣታለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ባለቤቴ በዚሁ ቫይረስ ታማ አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኝታለች። በራስጌዋ ተቀምጬ ትንፋሿን በየሰዓቱ እየቆጠርኩ በወረቀት እጽፍ ነበር። ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ ስድስት፣ አንድ ቀን አርባ። በዚያ ሰሞን ያልቆጠርኩትና ያልጻፍኩት የአካሏ ነገር የለም ብዬ አምን ነበር። እርስዎ ግን ክንዷን እንደያዙ፣ ቫይረሱ ራሱ ከክትባቱ ይበልጥ በቆዳ ላይ ብዙ ዓይነት ምልክት እንደሚያወጣ ነግረው፣ "ያኔ ቆዳዎ ላይ ያዩት ነገር ነበር፣ እናቴ?" ብለው ጠየቋት። እሷም የእግሮቿ ጣቶች ወይን ጠጅ መስለው አብጠው እንደነበር፣ ካልሲ ማጥለቅ እንኳ ያሳምማት እንደነበር፣ ሆኖም ካልሲውን አንድም ቀን እንዳላወለቀች ነገረችዎ።

እኔ ከጎኗ ቆሜ ነበር። ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

አርባ ስድስት ዓመት አብሬያት የኖርኩት ሴት ለሁለት ዓመት የደበቀችኝን ነገር ለእርስዎ በአራት ደቂቃ ነገረችዎ። ምን ዓይነት ቅባት ተቀብተው እንደሆነ ቢያስተምሩኝ በመዝገቤ ላይ እጨምረው ነበር፤ መዝገቡ ግን ሥራ ላይ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት። "ብነግርህማ በዚያ ቅባትህ ትፈትገኝ ነበር" አለች። ጥቂት ተራምዳ ደግሞ፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር፣ "እንቅልፍም አልነበረህም" አለችኝ።

ሰዎች ይህን ቅናት ይሉታል። ልብስ ሰፊው ብሎታል፤ ልጄም ስትተይበው ፊቷ ላይ አይቼዋለሁ። ቅናት አይደለም። ቅናት ማለት የሌላውን መመኘት ነው፤ እኔ የራሴን ነው የምጠይቀው።

ካርዱን የት እንደሸሸግሁት ባለቤቴ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ታውቃለች። የዚያን ሣጥን አቧራ የምትጠርገው እሷ ናት። አልጠየቀችኝም፤ አላወጣችውም፤ ለልጆቹም አልተናገረችም። በየቀኑ አቧራውን ትጠርጋለች፣ መልሳ ትከድነዋለች። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ሲባል ሰምተው ይሆናል፤ ባለቤቴ ግን ሳትቀሰቅስ እላዬ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ይህም ከመቀስቀስ የባሰ ነው። እኔም ሳስበው ሰነበትኩ። በወረቀት ላይ ያለው የጭኔ ውጤት ለክትባቱ ይመሰክራል። በሌላ ወረቀት ላይ ያሉት ቁጥሮች ደግሞ ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ ስድስት፣ አርባ ይላሉ። ቁጥር አልፈራም፤ ያንን ቁጥር ግን ሁለተኛ መቁጠር አልችልም።

ስለሆነም ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች፣ አንዳቸውንም ሳልሰርዝና አንዳቸውንም ሳልጸጸትበት፣ ተቃውሞዬን ያነሣሁ መሆኔን በትሕትና አሳውቃለሁ።

በሠላሳ ሰባት ዓመት ቅባት በለሰለሰ፣ በእርስዎ ክፍል ግን በአንድ ቀን በሻከረ እጄ ፈርሜ፣ ለክብርዎ፣ ለጓንትዎና ለሦስቱ ተማሪዎችዎ የማይለወጥ አክብሮቴን እያቀረብኩ እሰናበታለሁ።

የታካሚዎ ባል
የቀድሞ ቅባት ቀማሚ

አባሪ፦ የባለቤቴ የክትባት ካርድ፣ አንድ

ግልባጭ፦
ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ
ለጋዜጣው የአንባብያን ገጽ
ለልብስ ሰፊው ጎረቤታችን (ማንበቡ ስለማይቀር)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማክሰኞ በጠዋቱ እንገኛለን። መርፌው በቀኝ ክንዷ ይሁን፤ በግራዋ በኩል የምቀመጠው እኔ ነኝ። በስምንተኛው ቀን መቅላቱ ቢመለስ ግን ወደ እርስዎ እንደማንመጣ ከወዲሁ ይታወቅልኝ፤ ሲያሳክካት ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ማድረግ በቂ ነው ብለው የነገሯት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ለዚያ ደግሞ ዲግሪ የሌለው ሰው ቤት ውስጥ አለ።