ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ሕመም

ቅዳሜ

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። እንጨት እፈልጣለሁ። ውሃ ከቦኖ እቀዳለሁ፣ ግማሽ ጀሪካን ቢሆንም። ወጤን እሠራለሁ፤ ቢያርም የራሴ ነው። ሽርጤን እኔው አጥባለሁ። ሚስቴ ዘይነባ ከሞተችብኝ ወዲህ የሰው እጅ ልብሴን ነክቶት አያውቅም፣ ጎረቤት «አምጣ ልጠብልህ» ቢለኝም እምቢ እላለሁ። አምስቱንም ሶላት መስጊድ ሄጄ እሰግዳለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ። ቀስ ብዬም ቢሆን አነባለሁ።

ማንበቤን ዛሬ ጠላሁት።

ቀበሌው ደጃፍ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ሰው ተኮልኩሏል። ስኳር መጥቶ ይሆናል ብዬ ተጠጋሁ። ስኳር አይደለም። ነፃ ሕክምና የተፈቀደላቸው ሰዎች ስም ነው፣ በኮምፒውተር የተጻፈ። ስም፣ ዕድሜ፣ ምክንያት። በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። እንድሪስ፣ ከነአባቴ ከነአያቴ። ምክንያት፦ «ሽንት የማይቋጥር፣ ጧሪ የሌለው»።

እንደገና አነበብኩት። ያው ነው።

ከኋላዬ ሁሴን ባለባጃጁ «አካም ቡልታን፣ እንዴት አደሩ አባ እንድሪስ! ለዚህ ነዋ መስጊድ ውስጥ በር በሩን የሚሉት!» አለ። ሰው ሳቀ። አንዳንዱ አፍሮ አሳለ። «አንተስ አፍህን መች ትቋጥራለህ?» አልኩት። በሱም ሳቁ። እስከ ማዕዘኑ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። ከማዕዘኑ ወዲያ አጥር ይዤ ቆምኩ።

ይህን ነገር ከአላህና ከሐኪሙ ሌላ የምናውቀው እኔና አንድ ሰው ነን። ሰውየው ይማም ነው።

እሑድ

ይማም አብሮ አደጌ ነው። ጨፋ ላይ ከአንድ ቦይ ውሃ እየጠለፍን ሽንኩርት ያለማን ሰዎች ነን። በውሃ ተራ ወንድምና ወንድም ይጋደላል፤ እኔና እሱ ተኮራርፈን እንኳ አናውቅም። አሁን በሽማግሌ ስም ለነፃ ሕክምና ሰው የሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ አለ። ሐኪሙ «ደሴ ሄደህ ካልተቀደድክ አይድንም» ሲለኝ ለሱ ብቻ ነገርኩት። መቼ እንደጀመረኝ፣ ጨርቅ እንደምታጠቅ፣ ሁሉንም። «ወላሂ ከኔ አይወጣም» አለኝ።

ዛሬ ሄድኩበት። ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ጥርሱን ይፍቃል።

«ምን ብለህ ነው ያስጻፍከኝ?»

«መጀመሪያ ቁጭ በል እንጂ።»

«አልቀመጥም።»

«ልጁ ባቲ ሱቅ አላት ብለው ሊሰርዙህ ነበር፣ እንድሪስ። ከበድ ያለ ነገር ካልተናገርኩ አያልፍም። ለነፍስህ ብዬ እኮ ነው።»

«በማን ፊት ተናገርክ?»

«ኮሚቴው ፊት ብቻ።»

«ብቻ!» አልኩት። ከነምክንያቱ ይለጠፋል ብሎ እንዳላሰበ ማለልኝ። የሱን መሐላ ምን አደርገዋለሁ? ያኛውንም ምሎልኝ ነበር።

ሚስቱ ሻይ ይዛ ወጣች። ዓይኔን ልታይ አልቻለችም። ያኔ ገባኝ፤ እሷ ያወቀችው ከሰሌዳው አይደለም። ሻዩን ሳልነካ ተመለስኩ።

ሰኞ

ቀበሌ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ የኛው አገር ልጅ ነው፣ ትሑት። ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበለኝ።

«ያ ወረቀት ይነሳልኝ» አልኩት።

«አባ፣ ይሄ ግልጽነት ነው። መንግሥት ለማን ምን እንደሰጠ ማወቅ የሕዝብ መብት ነው። ቅሬታ ያለው ሰው እንዲናገር ጊዜው እስኪያልቅ መለጠፍ አለበት።»

እውነቱን ነው፣ አልክድም። ተደብቆ ይሰጥ የነበረበትን ጊዜ አውቀዋለሁ። ባለ ቆርቆሮ ቤቱ የድሀ ስንዴ ተሸክሞ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ ሰሌዳ ቢኖር ኖሮ እላለሁ እኔም።

«ስሜ ይለጠፍ። ሕመሜ ለምን ይለጠፋል?»

«ቅጹ ላይ ምክንያት የሚል አለ። ከላይ የመጣ ቅጽ ነው።»

«እሺ። ኮሚቴው ስለኔ የተነጋገረውን አሳየኝ። ማን ምን እንዳለ ልወቅ።»

«ቃለ ጉባኤ ለባለጉዳይ አይታይም፣ አባ። የውስጥ ነገር ነው።»

ሳቄ መጣ። የኔ ሽንት የሕዝብ፣ የነሱ ወሬ የውስጥ! እንዲህ ብዬ ነገርኩት። እሱም ሊስቅ ነበር፣ ዋጠው።

ማታ ሩቂያ ደወለች፣ ልጄ። ለካ ዛሬ የባቲ ገበያ ነው፣ የኛው የከሚሴ ሰው ወርዶ ነግሯታል። እያለቀሰች ነው። «አባቴ፣ ጧሪ የለኝም ብለህ ተመዘገብክ? ሰው ሱቄ ድረስ መጥቶ አባትሽን ምን አደረግሽው አለኝ! ና ከኔ ጋር ኑር ስልህ እምቢ ያልከው አንተ!»

«እኔ አላልኩም» አልኳት።

«ታዲያ ማን አለ?»

የይማም ስም ከአፌ አልወጣ አለ። አጎቴ ብላ ነው ያደገችው። ቀጥላ «ሕመሙንስ ቢሆን ለኔ ትነግረኝ ነበር እንጂ ከሰው አፍ እሰማለሁ?» አለች። ለሴት ልጅ እንዴት ይነገራል? ስልኩን ዘጋሁባት። የማደርገው ጠፋኝና።

ማክሰኞ

የሰሌዳው ነገር ለካ ምንም አልነበረም።

የምሽቱን መግሪብ ከሰገድን በኋላ ሁሴን ተነስቶ ሸህ አደምን ጠየቃቸው። የዛሬው ፌዝ አይደለም፣ ፊቱ ደንግጧል። «ሸሂ፣ አምና እርስዎ ለዓይንዎ ደሴ ሲታከሙ ያሰገዱን አባ እንድሪስ ናቸው። ሽንት የማይቋጥር ሰው ጤነኛውን ያሰግዳል ወይ? ያ ሁሉ ሶላታችንስ ምን ይሆናል?»

ሁሉም ዞሮ አየኝ።

እኔም ይህን ሕግ አጥቼው አይደለም። እንዲህ ያለበት ሰው ለየሶላቱ ታጥቦ ውዱእ አድርጎ ለራሱ ይሰግዳል፤ ጤነኛ ፊት ቆሞ አያሰግድም፣ እኛ የቀራነው እንዲህ ነው። ለዚህም ነው የተውኩት። ሸህ አደም የተመለሱት ለመውሊድ ነው፣ እኔን የያዘኝ ከዚያ ወዲህ። ኋላ ሸሁ ደግመው ሲሄዱ «አንተ አሰግደን» ቢሉኝ ጉሮሮዬን ብዬ ሌላ ሰው አስቀደምኩ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ። በሽታው ካመጣብኝ ሁሉ የመረረኝ እሱ ነው።

«የያዘኝ ከመውሊድ በኋላ ነው» አልኩ።

«ማን ያውቃል?» አለ አንዱ ከኋላ።

የሚያውቅ አለ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ይማምን አየሁት። ቀና ብሎ አንድ ቃል ቢናገር ያበቃ ነበር። ከተናገረ ግን ምስጢሩን ያወጣው ማን እንደሆነ ይታወቅበታል። ሙስበሃውን ይቆጥራል፣ አንገቱን ደፍቶ።

ሸህ አደም «ጠይቄ ጁምዓ እነግራችኋለሁ፤ እስከዚያ ሰው በሰው ላይ አፉን አይክፈት» ብለው በተኑን።

ብቻዬን ወጣሁ። ለወትሮው ይማም ነበር ጫማዬን የሚያቀብለኝ።

ረቡዕ

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መጀመሪያ የታየሁበት ቀን ጤና ጣቢያ ካርዴ ላይ አለ። ከመውሊድ በኋላ መሆኑን ካርዱ ይመሰክራል፤ ሰው ቢከዳ።

በጠዋት ሄድኩ። ካርድ ክፍሏ ያለችው ልጅ የአገራችን ሰው አይደለችም።

«አባባ፣ የታካሚ መረጃ ሚስጥር ነው፣ አይሰጥም።»

«ታካሚው እኮ እኔ ነኝ።»

«ቢሆንም አባባ። ከቀበሌ ደብዳቤ ያምጡ።»

«ከቀበሌ! ሰሌዳ ላይ የሰቀለኝ ቀበሌው አይደል?» ጮህኩ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ጆሮውን ጣለ። ልጅቷ መስኮቱን ዘጋች። ተቆጥታ መስሎኝ ነበር፤ ዞራ መጥታ ወደ ውስጥ አስገብታ አግዳሚ ላይ አስቀመጠችኝ። በሩን ገርበብ አድርጋ «አሁን ይንገሩኝ» አለች።

ነገርኳት። የልጅ ልጄን ለምታህል ልጅ። ስነግራት መሬት መሬት አየሁ፣ እሷም ደግ ነች፣ ጽሑፍ የምትፈልግ መስላ ወረቀቷን ታገላብጣለች። «ከዚህ አልወጣም፣ አባባ፣ ለማንም አንሰጥም» አለች። እንዳልወጣማ አውቃለሁ። መዝገብማ አፍ የለው።

ደብዳቤው ግን ግድ ነው አለች። ሕግ ነው። ሰሌዳው ላይ ያልነበረ ሕግ።

ሐሙስ

ግማሽ ቀን ቀበሌ ቆምኩ። ደብዳቤው ሲመጣ አነበብኩት። «ሽንት የማይቋጥሩ መሆናቸውን» ብሎ ጀምሯል! መልሼ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። «ይህን ቃል አውጣ።» ጸሐፊው አኮረፈ። «አባ፣ ማኅተም ተመቶበታል።» «ሌላ ምታ።» ሥራ አስኪያጁ ሰምቶ ወጣ፣ አነበበው፣ ቀደደው። አዲሱ ስለ ሕመሜ ምንም አይልም። የፈለጉት መረጃ ይሰጣቸው ይላል፣ በቃ።

ይህን ካሸነፍኩ ብዬ ወደ ሰሌዳው ጠቆምኩ። ራሱን አከከ፣ ወደ ላይ ወደ ታች አየ። መቀስ ይዞ ወጣና ምክንያት የሚለውን ከላይ እስከ ታች ቆርጦ ጣለው። የኔን ብቻ አይደለም፣ የሁሉንም። አንዲት የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ ነበረች እዚያ፣ ሊያጯት የሚያስቡ አሉ ሲባል የሰማሁ። ስሞቹ ቀሩ። ይቅሩ፣ የሕዝብ ነው።

«ከላይ ቢጠይቁኝ እርስዎ ይመልሱልኛል?» አለ።

«ጥራኝ» አልኩት።

ረፍዷል እንጂ። የተነበበ ነገር በመቀስ አይወጣም።

ጤና ጣቢያ ልጅቷ ቀኑን ብቻ ጽፋ፣ ማኅተም መትታ፣ ፖስታ ውስጥ አሽጋ ሰጠችኝ። በዚህ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ታክመዋል ይላል። ከመውሊድ በኋላ ነው። አልሃምዱሊላህ።

ጁምዓ

ፖስታውን ደረት ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። እንደ ሰሞኑ በር አጠገብ ቆምኩ።

ሰግደን ስንጨርስ ሸህ አደም ተናገሩ። ዓሊሞች በዚህ ነገር ተለያይተዋል፣ ሶላቱን የሚያጸድቁም አሉ አሉ። አይጸድቅም ለሚለው ደግሞ ጥያቄው ሕመሙ የያዘው መቼ ነው የሚል ነው አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አባ እንድሪስ፣ መቼ ነው?»

እጄን ኪሴ ከተትኩ። ወረቀቱን ነካሁት። ሁሉም እጄን ያያል።

ምን እንደያዘኝ እንጃ። ዛሬ ወረቀት ካወጣሁ ነገ መስጊድ ደጃፍ ማኅተም የሚጠየቀው ማን ይሆን ብዬ ይሁን፣ ወይ ንዴት ይሁን። እጄን ባዶውን አወጣሁ።

«ከመውሊድ በኋላ ነው፣ ወላሂ። የጤና ጣቢያ ወረቀት ኪሴ አለ፣ አላወጣውም። ከኋላዬ ቆማችሁ ሰግዳችኋል። ቃሌን ያመነ ይመን። ያላመነ ሶላቱን ይድገም፣ አልቀየመውም» አልኩ።

«ለኛ ይበቃናል» አሉ ሸህ አደም። ሁሴን መጥቶ እጄን ሳመ፣ «አውፍ ይበሉኝ» አለ። ቀለል አለኝ።

ስወጣ ዞር አልኩ። ሁለት ሽማግሌዎች ከግድግዳው ስር ቆመው ይሰግዳሉ። ሱና፣ ትርፉ ሶላት ይሆናል እንዳልል ሱናውን አጠገቤ ነው የሰገዱት። አልቀየምም ብያለሁና አልቀየምም። ግን አየሁ።

ይማም አልነበረም። ሌላ መስጊድ ሰገደ አሉኝ።

ቅዳሜ

ለደሴ ቀጠሮ ተሰጠኝ። ስሜ ከሰሌዳው አልተፋቀም፣ ሕክምናው የኔ ነው። ለኩራቴ ብዬ ልተወው አስቤ ነበር፤ ተውኩት ሐሳቡን። ከፍዬበታለሁ።

ዛሬ ቦኖው ጋ ይማም አገኘኝ። ጀሪካኑን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። «አሰላሙ አለይኩም፣ እንድሪስ» አለ። ድምፁ ሽማግሌ ሆኗል። አለፍኩት። አልመለስኩለትም። ውሃው እንደዛሬ ከብዶኝ አያውቅም።

ቢላ ስር ሳልገባ ያለብኝን ልወጣ። ማንም አይወጣልኝ፣ ራሴ ነኝ የምወጣው።

ለሩቂያ፦ ሰኞ ባቲ ወርጄ ሕመሙን በአፌ ልነግራት። ሱቋ ደጃፍ ተቀምጬ ምሳዋን ልበላ፣ ገበያተኛው እያየ።

ለካርድ ክፍሏ ልጅ ዱዓ፤ ሌላ ነገር ብሰጣት አትቀበልም። ሥራ አስኪያጁ ከላይ ከጠየቁት ሄጄ እመልስለታለሁ፣ ብያለሁ።

ለሁሴን ምንም የለብኝም። ሊጠየቅ የሚገባውን ነው የጠየቀ። ለሁለቱ ሽማግሌዎችም የለብኝም።

ለይማም አንድ ወአለይኩሙሰላም። ሰላምታ መመለስ ዋጂብ ነው፣ ግዴታ፤ አላህ ፊት በሱ ዕዳ አልያዝም። ነገ ደጁ ሄጄ፣ ቆሜ፣ እመልስለታለሁ። ቁጭ በል ይለኛል። መቀመጤን እንጃ።