ቃሉን የማያውቅ ይፈለጋል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

አዲሱ ኮሜዲ ዛሬ ተነበበልን። አንድ ሰውዬ በፒጃማ ዳቦ ሊገዛ ይወጣል። ተመልሶ የቤቱን በር ሲከፍት ራሱን መድረክ ላይ ያገኘዋል። ንግሥት አለች፣ የጦር አዛዥ አለ፣ አዳራሽ ሙሉ ተመልካች አለ። ሁሉም እሱ እስኪናገር ይጠብቃል። እሱ ምን ቲያትር እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ሕልም ይሁን እውን አይለይለትም።

የኔ ነው፣ አልኩ በሆዴ። ከቡድኑ ቃል ስቶ የማያውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ማታ ቤት ስደርስ የሰውዬውን ቃል ግማሹን ይዤው ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ዝናብ። ታናሼ ጃኬት ሊያቀብለኝ ልምምድ ቦታ ድረስ መጣ። እማዬ ናት የላከችው... በዚህ ዕድሜዬ።

የጎኑን በር የመግቢያ በር መስሎት ከፈተና መድረኩ መሃል ላይ ወጣ። መብራቱ ዓይኑ ላይ፣ ጃኬቴ ክንዱ ላይ። ንግሥቲቱን የምትሠራው ልጅ ለቀልድ፣ "ዘገየህ እኮ ጌታዬ" አለችው።

"ይቅርታ... ፍሬቻ አሳይቼ ነው የገባሁት።"

መኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ሳቅ በሳቅ ሆነ። አዘጋጇ፣ ሁላችንም እታለም የምንላት፣ መነጽሯን አውልቃ እንባዋን ጠረገች። ለኔ እንዲያ ስቃ ታውቃለች? አላስታውስም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

እታለም ሰውዬውን ለታናሼ ሰጠችው።

"አንተ ሁሉን ታውቀዋለህ" አለችኝ። "ይህ ሰውዬ ምንም ማወቅ የለበትም። ልምምድ አይገባም። ጽሑፉን አያይም። እናንተ ቃላችሁን ትላላችሁ፣ እሱ የመጣለትን ይላል። ዳቦውን ሲቆርስ መጋረጃ ይዘጋል።"

"በማግስቱስ? አንዴ ካየው አወቀው ማለት አይደል?"

"በየትርኢቱ የናንተን ቃል እቀይራለሁ።"

"እኔስ ምንድን ነኝ?"

"የጦር አዛዡ። አንተ ከሌለህ ይፈርሳል።"

ለሚያለቅስ ልጅ ከረሜላ። ሌላ ምን ይባላል?

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ምሳ እማዬ ቤት። ከአክስቴ ጋር ስልክ ይዛ፣ "ልጄ ተዋናይ ሆነልኝ!" ትላለች።

"እኔስ እስከ ዛሬ ምን ነበርኩ እማዬ? አናጢ?"

"አንተማ ሥራህ ነው።"

ታናሼ ወደ ሳህኑ አቀረቀረ። "ወንድም ጋሼ፣ ቅር ካለህ እተወዋለሁ።"

"ምን ቅር ይለኛል? ደስ ነው ያለኝ" አልኩ። ጥሩ አድርጌ ተጫወትኩት። ማንም አላጨበጨበም እንጂ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

እኛ ስንለማመድ እሱ ኮሪደሩ ላይ ይቀመጣል። ደንቡ ነው። ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ከጥበቃው ጋር ያወራል። ጥበቃውም ወዶታል። ሁሉም ወዶታል።

ዛሬ ስንወጣ ከንፈሩ ደርቆ አገኘሁት። "ሰው ፊት ቆሜ ዝም ብልስ? እማዬ እያየችኝ?"

ቦርሳዬን ከፍቼ ጽሑፉን ሰጠሁት። "ለማንም እንዳትናገር" አልኩት። አንገቴን አቅፎ ሳመኝ።

አዝኜለት ነው? እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ፤ ማንም አያነበው። ቃሉን ያወቀ ዕለት ለዛው እንደሚሞት አውቄ ነው የሰጠሁት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ጠዋት ጠዋት በማስተማሪያ መኪናው ውስጥ አስጠናዋለሁ። ከተማሪ ተማሪ መሃል። እኔ በመሪው በኩል፣ እሱ በለመደበት በተሳፋሪው በኩል፣ ለአስተማሪ የተገጠመው ትርፍ ፍሬን ባለበት። ቃል ሲጠፋበት ሳያውቀው ፍሬኑን ይረግጣል። መኪናው ቆሞ እያለ።

የሰውዬውንም፣ የአዛዡንም፣ የንግሥቲቱንም ቃል ያዘ። "እንደ አንተ ያለ አስተማሪ የለም" አለኝ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም... ግን አላቆምኩም።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ለወዳጅ ዘመድ የሚታየው ሙከራ ዛሬ ነበር። ታናሼ አንድ ቃል አልሳተም። መደንገጥ ባለበት ቦታ ደነገጠ፣ መንተባተብ ባለበት ቦታ ተንተባተበ። እታለም ቃሌን ቀይራብኝ ነበር፤ እሱ ግን የድሮውን እየጠበቀ ለድሮው መለሰ። አዳራሹ ጭጭ። እማዬ ፊት ወንበር ላይ ሐሳብ እንደገባት ሰው የሻርፗን ጫፍ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

የምፈልገውን አገኘሁ። ታዲያ ለምን ደስ አላለኝም?

እታለም መጋረጃው ጀርባ መጣች። "ምን ነካህ አንተ? ማነው ያስጠናህ?"

ታናሼ መሬት መሬት አየ። "እንጃ... ፈርቼ ይሆናል።"

አላጋለጠኝም። እሷ ግን ወደኔ ዞራ ረጅም ጊዜ አየችኝ። "እንግዲያው ነገ ሰውዬው አንተ ነህ። ወንድምህ የአዛዡን ቃል ሳያውቀው አይቀርም።"

እሑድ፣ ኅዳር 7

ትናንት የመክፈቻው ትርኢት ነበር። ሲመሽ መጻፍ አልቻልኩም።

በፒጃማ ወጣሁ፣ ዳቦ በብብቴ። የተቀየረውንም ቃል ቢሆን ከንግሥቲቱ አስቀድሜ ሰምቼዋለሁ። ሁሉን አውቃለሁ። የማላውቅ መሰልኩ። ዓይኔን አፈጠጥኩ፣ አፌን ከፈትኩ። ከኋላ አንድ ሰው አስነጠሰ፤ ሌላ ድምፅ የለም። ጨዋ ጨዋ ዝምታ። እንዲህ ያለውን ዝምታ ዓርብ ዕለት ለእሱ ተመኝቼለት ነበር።

ታናሼ በአዛዥ ልብስ ገባ። "ጦሩ ተሰልፏል፣ ትዕዛዝዎን እንጠብቃለን" ማለት ነበረበት። ዝም አለ። አየኝ። ቀስ ብሎ ዞረኝ፣ ጎማ እንደሚያይ ሰው እግሬን ጎንበስ ብሎ አየ።

"ጌታዬ፣ መንጃ ፈቃድዎን።"

ባዶ። ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ቃል የለም። እንደዚያ ሆኜ አላውቅም። ላብ አጠመቀኝ። የፒጃማዬን ኪስ ዳበስኩ፣ የለም። ዳቦውን ዘረጋሁለት።

"ይኸው።"

ተቀብሎ አገላበጠው። አሸተተው። "ጊዜው አልፎበታል።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ገና አልገባኝም፤ "ትናንት ነው ያሳደስኩት" እያልኩ እከራከራለሁ። ከሁሉም በላይ ያ እንደ ሳል የሚጀምረው የእማዬ ሳቅ ይሰማኛል። መጋረጃው ሲዘጋ ዳቦውን ማን እንደቆረሰው አላስታውስም።

መኪናው ውስጥ ጠየቅኩት። "ቃሉ ጠፍቶህ ነው ወይስ አውቀህ?"

"አንተስ ጽሑፉን ለምን ሰጠኸኝ?"

የመቀመጫ ቀበቶዬን አሰርኩ። ሞተሩን አስነሳ። "እንግዲህ እኩል ነን፣ ወንድም ጋሼ።"

እኩል? ሳቁ የኔ ነበር። ግን እሱ ነው የሰጠኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ኮሪደሩ ላይ ነኝ። ልምምድ አልገባም፤ አሁን ደንቡ የኔ ነው። ጥበቃው ኦቾሎኒ ዘረጋልኝ። "ያኛው ይጫወት ነበር፣ አንተ ዝም ነው የምትል" አለኝ።

በሩ ተዘግቷል። መጀመሪያ የታናሼ ድምፅ፣ ቀጥሎ የሁሉም ሳቅ። ለነገ ለኔ የሚያዘጋጁልኝ ነገር ነው። ምን ይሆን? ጆሮዬን በሩ ላይ አስጠጋሁ። እታለም ከውስጥ፣ "ጥላህ በበሩ ሥር ይታያል። ሂድ ዳቦ ግዛ" አለች። ሄድኩ። ገዛሁ።

ታናሼ ወደ ቤት ሸኘኝ። አዲሱን ጽሑፍ አጥፎ ፊቴ ያለው የመኪናው ኪስ ውስጥ ከትቶታል። ኪሱ አይቆለፍም። መንገዱ ጎርባጣ ስለሆነ በየጉድጓዱ ክፍት ይላል፣ የወረቀቱ ጫፍ ብቅ ይላል። እሱ መንገዱን ነው የሚያየው። ወይም መንገዱን የሚያይ መስሏል።

ዳቦውን በብብቴ ይዤ፣ ኪሱን በጉልበቴ ገፍቼ ዘጋሁት።