አሥራ ስምንት የጎደላቸው

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ ስምንት ናሙና መዘንኩ። ሁለቱ ልክ ቁጥሬ ላይ ቁጭ አሉ። ስድስቱ ትንሽ ጎደሉ... ወደ እጥበት። ከስምንት ሁለት መጥፎ አይደለም። እንዲያውም ጎበዝ ነኝ።

ጠዋት ተክሎቹን ውሃ አጠጣሁ። ይህቺ ሐምራዊ አበባ ያላት ሚጢጢ ተክል መንገድ ዳር ብትበቅል ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ቅጠሏ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ግን ጉድ ነው። ሌላው ፕሮቲን እንደ ክር ሁለት ጫፍ አለው፤ የሚበላው ኢንዛይም አንዱን ጫፍ ይይዝና ይተረትረዋል። የሷ ክብ ነው። ጫፍ ከሌለው ከየት ይጀመራል? የኔ ሥራ ያንን ክብ በብዛት መሥራት ነው። ክሩን እዚሁ ላብራቶሪ አዘጋጃለሁ፣ ከተክሏ ባወጣሁት ገጣሚ ኢንዛይም ጫፍና ጫፉን አጋጥማለሁ፣ መጋጠሙን በክብደቱ አረጋግጣለሁ፣ ከሱ ደግሞ ቁስል ላይ ሳይበላ የሚቆይ ስስ ሽፋን እሠራለሁ።

አለቃችን ቀን ቆርጠዋል። ጥቅምት 28 ሽፋኑን የምትፈልገው ቀዶ ሐኪም ከሆስፒታል ትመጣለች። ሽፋኑ በቁስል ፈሳሽ ውስጥ ሰባት ቀን ከቆየ ሥራው ይቀጥላል። ካልቆየ ክፍላችን ለጎረቤቶቻችን፣ ለሰብል ዘር አጥኚዎቹ ይሰጣል። ከወዲሁ መጋረጃ እየመረጡ ነው አሉ። ይምረጡ፤ ምርጫ አይከለከልም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

አክስቴ ተቆጣች። ብልቃጥ አጣቢያችንን ማለቴ ነው። ሁላችንም አክስቴ ነው የምንላት፣ አለቃችን ሳይቀሩ።

"ያንቺ ብልቃጥ አልለቅ አለኝ። ምንድን ነው የምትቀቢበት?"

ሳሙና ጨምሪ አልኳት። አስተያየቷ! ሃያ ሁለት ዓመት ብርጭቆ ያጠበች ሴት ሳሙና ጨምሪ ትባላለች? ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ቸኩዬ ነበር።

እራት ላይ አባባ እንደ ልማዱ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲመዝን የኖረ ሰው ነው፤ ሚዛን ያለበት ሥራ ሁሉ የሱ ይመስለዋል። ሁሉም በቁጥጥሬ ሥር ነው አልኩት። እውነቴን ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሽፋኑ ሟሟ። በአራተኛው ቀን! ክዳኑን ሳነሳ ሳህኑ ላይ ያለው ንፍጥ ብቻ። የስንት ሳምንት ልፋት ውሃ በላው።

ማሞቂያ ሳጥኑ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ጎኔ የሚሠራው ባልደረባዬ፣ ቀጭኑ፣ አንገቱን አስግጎ አየና "ክቡ ሳይጋጠም ቀርቶ ቢሆንስ? ቁጥሩን ደግመሽ ብታይው" አለኝ። ቁጥሩን! ሁለት ወር ሙሉ ሚዛን ማሽኑ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ ሁላችን የምንሠራበትን ቁጥር። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። መጀመሪያ የራሱን ጄል ያርጋ ብዬም ተናገርኩ፣ እየሰማኝ።

አዲስ ሽፋን ሠራሁ። ከዘር አጥኚዎቹ ሌላ ማሞቂያ ሳጥን ተዋስኩ። ሲያውሱኝ ደግነታቸው አላማረኝም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

በሁለተኛው ቀን ጠርዙ መላላት ጀመረ። ያው ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

የዛሬውን ልጻፈው።

ጠዋት አክስቴ አንድ ብልቃጥ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ቆመች። ሁለት ጊዜ ቀቅላዋለች። የደም እድፍ በሚበላው፣ ኢንዛይም ባለበት ሳሙና ሦስት ቀን ዘፍዝፋዋለች። ብልቃጡ ውስጥ የተለጠፈችው ስስ ነገር ንቅንቅ አላለችም።

"ይኸው ሳሙና ጨመርኩ" አለች።

መሳቅ ጀመርኩ፣ ሳቁ መሃል ላይ ቀረ። መቀቀል ያልበገረው? ኢንዛይም ያልበላው? ሦስት ወር የምፈልገው እሱን አይደለም እንዴ? ብልቃጡን ገልብጬ ቁጥሩን አነበብኩ። ጎደለ ብዬ ከጣልኳቸው አንዱ ነው።

ሌሎቹስ አልኳት። ማጠቢያው ሥር በሳጥን ደርድራቸዋለች። አሥራ አንድ ናቸው፣ አሥራ አንዱም የጣልኳቸው። "ልክ ናቸው" ያልኳቸው ግን በአንድ እጥበት ጠርተው መደርደሪያ ላይ ተሰቅለዋል።

ወረቀት አወጣሁ። ጫፍና ጫፍ ሲጋጠም አንዲት የውሃ ሞለኪውል ትወጣለች፣ ክብደቷ አሥራ ስምንት። ክቡ ከክሩ በአሥራ ስምንት ይቀላል ማለት ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚያውቀው ነገር... እኔ አልቀነስኩም። ፕላስተሩ ላይ ያለው የክሩ ክብደት ነው። የጣልኳቸው ስንት ነበር የጎደላቸው? መዝገቤን ገለጥኩ። አሥራ ስምንት። አሥራ ስምንት። አሥራ ስምንት። ያልተጋጠመውን አቅፌ የተጋጠመውን ስደፋ ከርሜያለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነው።

ፕላስተሩን ላጥኩት። ፊቴ አሁንም ይግላል።

አርብ፣ ጥቅምት 15

ለማንም አልተናገርኩም። ቁጥሩን ቀስ ብዬ ብቀይረው ማን ያውቃል? ደግነቱ ከየናሙናው ግማሹን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ከሱ አዲስ ሽፋን ይወጣል። አክስቴም ምን እንዳገኘች አታውቅም...

ግን አለቃችን ባለፈው ወር "ክቡን ገጥመናል" ብለው ለቀዶ ሐኪሟ ሁለት ሽፋን ልከዋል። የኔን ቃል አምነው። ሆስፒታሉ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ሰው አውጥቶ ቢሞክረውስ?

ለአባባ ነገርኩት። እሱም የራሱን አወጣ። አንድ ጊዜ የባዶ መኪናውን ክብደት ሳይቀንስ ዘጠኝ መኪና አሳልፎ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አልነገረኝም።

"ታዲያ ምን አደረግክ?"

"ተከትያቸው ሄድኩ። በብስክሌት።"

"ዘጠኙንም አገኘህ?"

"ሰባቱን" አለኝ፣ ዛሬም ሁለቱ እንደሚቆጩት ፊቱ ላይ እያስታወቀ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ተናገርኩ። በስብሰባው፣ ሁሉም ባለበት። ስሌቱን የሠራሁት እኔ፣ የለጠፍኩት እኔ፣ ቁጥሩ ደግሞ አይታይም ያልኩት እኔ፣ ያገኘችው ደግሞ አክስቴ ናት አልኩ። አለቃችን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ጩኸት ጠብቄ ነበር። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

"ለቀዶ ሐኪሟ አንቺው ደውይ" አሉ።

ደወልኩ። የላክንልዎት ትክክለኛው አይደለም፣ ያስወግዱት አልኩ። "ታዲያ ልምጣ ወይስ ልቅር?" አለች። ይምጡ አልኳት። ስለ ክቡ ቅንጣት አልጠራጠርም፤ የተሳሳትኩት እኔ እንጂ እሱ አይደለም።

ቀጭኑን ይቅርታ ጠየቅኩት። ጄሉ ቅዳሜ ረግቷል አለኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

አዲሱ ሽፋን ፈሳሹ ውስጥ ገባ። ክብደቱን ቀጭኑ ለብቻው አሰላ፣ እኔ ለብቻዬ። ገጠመ። በሚመጣው ረቡዕ ሰባት ቀን ይሞላዋል፣ በማግስቱ ሐኪሟ ትመጣለች። ለስህተት የተረፈ ቀን የለም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

አምስተኛ ቀን። ጠርዙ እንኳ አልላላም። አባባ ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ቆመ ወይ ይላል። ቆሟል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

በስምንተኛው ቀን ቀዶ ሐኪሟ በመቆንጠጫ ይዛ አወጣችው። ጎተተችው፣ አጠፈችው፣ ብርሃን ላይ አየችው። እንደገባ ወጣ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ መደበቅም አልፈለግኩም።

"ጎበዞች" አለች። ቀጥላም "ቁስሉ ሲድንልኝ ግን በምን አነሳዋለሁ?"

መልስ አፌ ላይ ነበር። በራሱ ጊዜ ይለቃል ምናምን... ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢሆን ደረቴን ነፍቼ እለው ነበር።

"አላውቅም" አልኩ።

አክስቴ ንጹሕ ብልቃጥ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። "እኔም ያንኑ ብጠይቃት ሳሙና ጨምሪ አለችኝ" አለች። አለቃችን ሲስቁ ያየሁት ዛሬ ነው። ለካ ማጠቢያው ቤት ያለውን ሁሉ፣ ኮምጣጤውንም ምኑንም፣ በየብልቃጡ ስትሞክር ከርማለች። የትኛው ምን እንዳደረገ በየአንገታቸው ወረቀት አስራለች። ሐኪሟ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበበች። ማንሻውን እስክናገኝ የእንስሳት ሙከራው ይቆያል፣ እኛ ግን እንቀጥላለን ተባለ። ክፍሉ የኛ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

አክስቴ ከሰዓት በኋላ እኔ ጋ ነው የምትሠራው። ማጠቢያው ላይ ሌላ ሰው ተተክቷል፤ ማጠብ አይችልበትም ትላለች። እስካሁን አሥራ ዘጠኝ ፈሳሽ ሞክረናል። አንዱ አላቀቀው፣ ለቁስል ግን የሚሆን አይደለም። እናገኘዋለን። ይሄን የምለው በትዕቢት አይደለም... ትንሽ በትዕቢት ነው።

አሁን ማንኛውም ቁጥሬ ከመለጠፉ በፊት ሌላ ሰው ያየዋል። ዛሬ ተራው የአክስቴ ነበር። ስለ ሞለኪውል አታውቅም፤ መዝገቡንና ወረቀቱን አጠገብ ላጠገብ አድርጋ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። አንዱ መስመር ላይ ጣቷ ቆመ።

"እዚህ 7.4፣ እዚያ 4.7። የቱ ነው?"

ተናደድኩ። አሥር ደቂቃ ያህል ስህተቱ የሷ እንዲሆን ፈለግኩ። አልሆነም። አስተካከልኩና እስክሪብቶውን ሰጠኋት፣ "አየሁት" የሚለው መስመር ላይ እንድትፈርም።

"እኔ?" አለች።

ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሕንጻ የፈረመችው የሳሙና መረከቢያ ላይ ብቻ ነበር። ጓንቷን አወለቀች፣ እጇን በጋዋኗ ጠረገች፣ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች። ቀስ ብላ። እኔም ቆሜ ጠበቅኳት።