ያቀበለ ይቅደም

ጥቅምት 8፣ ጠዋት
በሬዲዮ ደ/ታቦር ጥርት ብሎ ይሰማል። አርብ ገበያ ዝም። ዛሬም ዘግቷል። የጣቢያው ሠራተኛ ሰይድ የራሱን ሪፖርት ያስተላልፍና ሬዲዮውን ያጠፋል፤ ለባትሪው ይሳሳል። የስማዳው ሬዲዮ ሠራተኛ አባተ ግን ገደሉ ጋርዶት እኔ ዘንድ፣ ንፋስ መውጫ፣ የሚደርሰው በሰይድ በኩል ብቻ። ተቀብሎ የሚያቀብል ከሌለ የእርዳታ ጣቢያው ሬዲዮ ሁሉ ቆርቆሮ ነው።

ጥቅምት 9፣ ከሰዓት
ከስማዳ ሰው በእግሩ መጣ። መጠለያው ተቅማጥ ገብቶበታል። ግሉኮስ አልቋል። አባተ ከትናንት ጀምሮ ሲጣራ የሰማው የለም። የኛ መኪና ግሉኮስ ጭኖ አሁን ወጣ። ሁለት ሕፃናት ግን ሳይደረስላቸው አልፈዋል። ደሜ ፈላ። አለቃዬ፣ “ሰይድ ይቀጣ” ይላሉ። እኔ አልተዋጠልኝም። ትእዛዝ ባትሪ አይሞላም።

ጥቅምት 11
በጭነት መኪና አርብ ገበያ ወረድኩ። የገበያ ቀን ነው፤ ሜዳው ግን ጭር ብሏል። ስለ ሕፃናቱ ስነግረው ሰይድ አንገቱን ደፋ። “እህቴ፣ አንቺ ጀኔሬተር አለሽ። እኔ የሰው መልእክት ሳቀብል ባትሪዬ ቢያልቅ፣ የኔን በሽተኛ ማን ይሰማልኛል?” አለኝ።
እውነቱን ነው። ማስታወሻዬ፣ የሚያቀብል ሰው ለምን ይጎዳል? ተስማማን። የሌላውን ያቀበለ ጣቢያ መልእክቱ እኔ ዘንድ ይቀድማል፤ በኔ ጀኔሬተር የተሞላ ባትሪም መጀመሪያ ለሱ ይላካል። ሁሉም ጣቢያ ሬዲዮውን በተመሳሳይ ሰዓት ከፍቶ በተመሳሳይ ሰዓት ይዘጋል።

ጥቅምት 18
ሠራ! ከስማዳ ምጥ የጠናባት ሴት። አባተ ለሰይድ፣ ሰይድ ለኔ። መኪናው ሳይመሽ ደረሰላት። ወንድ ልጅ! ሰይድ ሲያበስረኝ ድምፁ ይስቅ ነበር።

ጥቅምት 22፣ ቀትር
ስምምነቱን ለሌሎቹም ጣቢያዎች ነግሬ ነበር፤ የመካነ ኢየሱሱ ሠራተኛ ሙላት ብቻ እምቢ ብሏል። ጉና ስለሚጋርደው ወደ ደ/ታቦር የሚያልፈው በኔ በኩል ነው፤ የሌላውን ግን አያቀብልም። ሰይድ የሱን እኛም አንቀበልለት ባይ ነው። አለቃዬም እንደዚያው። አሁን ሙላት ጠራኝ፤ ኩፍኝ ገብቷል፣ መድኃኒት ይፈልጋል።
ወሰንኩ። የበሽተኛ መልእክት የማንም ይሁን አይቆምም። ወዲያው አሳለፍኩለት። ሌላው ጉዳዩ ግን ከሰይድና ከአባተ ኋላ ይሰለፋል። በግልጽ ነገርኩት።
መልእክቱን ጨርሷል። ሬዲዮውን ግን እንደ ወትሮው ወዲያው አልዘጋም።