ጂቪ የተቀባው ጦር

ሰኞ፣ ጥር 18

ዛሬም ጥፍር። ጠዋት አንዲት ሙሽራ፣ ከሰዓት ሚዜዎቿ በሙሉ። ሁሉም ነጭ ከብልጭልጭ ጋር። ወገቤ ተቆረጠ።

ከውበት ሳሎኑ ስወጣ ሙክታር ሱቁ በር ላይ ጠበቀኝ። መሃል ከተማ ሞባይል ይጠግናል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ካፌ ቁጭ ብሎ በትንንሽ ምስሎች ጦርነት ይጫወታል። ምስሎቹን አንዱ ጓደኛቸው በማሽን ያትማቸዋል፤ ከአውራ ጣቴ አይበልጡም። ቀለም የምቀባቸው እኔ ነኝ። ጥፍር ላይ ጽጌረዳ የሚሥል ብሩሽ ጭራቅ አያቅተውም። አሁን አዲስ ጦር ሰጠኝ... የቸነፈር ንጉሥ ከነወታደሮቹ። የበሰበሱ ይሁኑ አለ፤ ያየ ሰው ምሳውን ይተው። ለቅዳሜ ሳምንት ይፈልጋቸዋል።

ቤት ስገባ አባባ እንደተውኳቸው ናቸው። ወንበሩ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንዲህ ናቸው። ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሳሉ ታቦር ሰፈር ውስጥ ያላጠቡት ቁስል አልነበረም። አሁን "በልተዋል?" ስላቸው ራስ መነቅነቅ ብቻ።

ዮሴፍ ደወለ። ለቅበላ መጥቶ አዲስ አበባ ሊወስዳቸው ነው። እዚያ ቢያንስ የልጅ ልጅ አለ አለኝ። እዚህስ እኔ የለሁም? አላልኩትም። ምን ብዬ? ወንድሜ እውነቱን ነው፣ ሁለት ሰው ያለበት ቤት ድምፅ የለውም። ግን ቢሄዱ... አልፈልግም። በቃ አልፈልግም።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ብስባሽ ማጥናት ጀመርኩ። መስኮት ላይ አንድ አቮካዶና ሁለት ቲማቲም አስቀመጥኩ። ጉንዳን ወረረኝ። ሐይቁ ዳር ሄጄ የዓሣ ሆድ ዕቃ ፎቶ አነሳሁ፤ ዓሣ የሚገፈው ሰውዬ ቢላዋውን ይዞ ፈቀቅ አለ። እሱ ነው እኔን የፈራው!

ከራት በፊት የመጀመሪያውን ወታደር ጨረስኩ። ሆዱ ተቀዶ አረንጓዴ መግል ይወርዳል። ላዩ ላይ የጥፍር ማብረቂያ ደረብኩበት፤ እርጥብ መሰለ። ራሴን ሳደንቅ ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

"ይሄ መግል አይደለም።"

ብሩሹ ከእጄ ወደቀ። አባባ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከተናገሩ ስንት ጊዜያቸው ነው? መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። መግል ሣር አይመስልም አሉ። ቢጫ ነው፣ ሲከፋ ነው ወደ አረንጓዴ የሚሄደው፤ ዙሪያው ይቀላል፣ ቆዳው ይወጠራል... ደግሞ ክፉ ቁስል በጠረኑ ነው የሚታወቀው፣ በአፍንጫ። ሽታ መቀባት አልችልም አልኳቸው። ሞክሪ አሉኝ። ቀልድ ይሁን ምር አልገባኝም። አባባ ቀልደው ያውቃሉ እንዴ?

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ወንበራቸውን አዞሩት። ወደ እኔ ጠረጴዛ!

አስተማሪ ወጥቷቸዋል። የሞተ ሥጋ ጥቁር ነው ብለሽ ጥቁር አትድፊበት፣ ከጣት ጫፍ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ወደ ላይ ውጪ ይላሉ። ጠዋት እከክ እንዴት እንደሚጀምር ሊያሳዩኝ እጄ ላይ በቀለም ሣሉልኝ። እኔ ደግሞ ረስቼው ሥራ ገባሁ። ደንበኛዋ እጇን መንጭቃ ወሰደች። የሳሎኑ ባለቤት እትዬ ሙሉጌጥ ጓዳ አስገብተው በሳሙና ፈተጉኝና እስኪለቅ አላመኑኝም።

ችግሩ አባባ ሥዕል ብቻ አይበቃቸውም፤ የበሽታውን ታሪክ ይጠይቃሉ። ከመቼ ጀምሮ ነው? ከማን ያዛቸው? ከንጉሣቸው አልኩ። እየዞረ ያድላቸዋል፣ ጨዋታው እንደዚያ ነው።

"ታዲያ ንጉሡን ለምን ለይታችሁ አታስቀምጡትም?"

ሳቄ መጣ፤ እሳቸው አልሳቁም። ምሳ ግን አስጨመሩ። ለዮሴፍ ልንገረው? ይቆይ... እንዳላሟርትባቸው።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ጉድ ሆንኩ።

ትናንት ጦሩን በሙሉ ጨርሼ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ በሕይወቴ አልሠራሁም፤ ሳያቸው ገላዬን በላኝ። ይድረቁ ብዬ ጠረጴዛ ላይ ትቻቸው ሄድኩ። ስመለስ ሁሉም ወይን ጠጅ። አባባ የድሮ ቦርሳቸውን ከቁም ሳጥን አውርደው አንድ በአንድ አክመዋቸዋል። ያ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያቀለሙበት የቁስል መድኃኒት፣ ጂቪ፣ እያንዳንዷ ቁስል ላይ። ፋሻው ክር ክር እየተደረገ ጭንቅላት ላይ፣ ጉልበት ላይ ተጠምጥሟል። ክንዱ የተሰበረው በአንገቱ ተንጠልጥሎለታል። ንጉሡ መስኮት ላይ ለብቻው፣ ብርጭቆ ተደፍቶበት።

አባባ እጃቸውን ታጥበው እያደረቁ ነበር። ፊታቸው በርቷል።

"ንጉሡን ለይቼዋለሁ። የሌሎቹ በሳምንት ይሽራል።"

ጮኽኩባቸው። ምን ነካዎት አልኩ። እንዲታመሙ እኮ ነው የተፈለገው አልኩ። ማን ንኩ አለዎት አልኩ... ለአባቴ! እንዴት ከአፌ ወጣ?

ፎጣውን አጣጥፈው አስቀመጡ። "ልክ ነሽ። ማንም አልጠራኝም" አሉ። ወንበሩን ወደ ግድግዳ መለሱት።

ረቡዕ፣ ጥር 27

ጂቪ በምንም አይለቅም። አባባም አይናገሩም።

ቅዳሜ፣ ጥር 30

ምን አማራጭ አለኝ? እንዳሉ ይዣቸው ካፌ ሄድኩ። ሙክታር ሳጥኑን ከፈተ። አየ። ክዳኑን መለሰ። እንደገና ከፈተ።

"ህሊና፣ እኔ ያዘዝኩሽ በሽተኛ ነው።"

እውነቱን ነገርኩት፣ ሌላ ምን እላለሁ? አባቴ አከሟቸው አልኩ። ሌላ ጦር ስለሌለው እያጉረመረመ በነሱ ተጫወተ። ግን ገና ከመጀመሩ ጠብ ሆነ። የሙክታር ወታደር የነካው ሁሉ መታመም አለበት። የምትገጥመው ጓደኛው ሳያት ደግሞ ጨዋታ ላይ አንዲት ነገር አታልፍም፤ የታሸገ ቁስል አይተላለፍም ብላ ፈረሰኛዋን አልሰጥም አለች። ንጉሡ አለ እኮ ይላል ሙክታር። ንጉሡ ብርጭቆ ውስጥ ነው ትላለች ሳያት። ብርጭቆውንም አምጥቼው ነበር፤ ለምን እንዳመጣሁት እግዜር ይወቀው። ማኪያቷቸው ቀዘቀዘ። አስተናጋጁ ሊገላግል መጣና እሱም ወገን ያዘ።

በመጨረሻ ሙክታር ያከሟቸው ሰውዬ ራሳቸው መጥተው ይፍረዱን አለ። የምርህን ነው ስለው፣ የምሩን ነው።

እሁድ፣ የካቲት 1

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንበር ስቤ አባባና ግድግዳው መሃል ገብቼ ተቀመጥኩ። ጉልበታችን ተጋጨ። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው። በትከሻዬ በኩል ግድግዳውን ማየት ቀጠሉ። ቅዳሜ እየፈለጉዎት ነው፣ ያለ እርስዎ ጨዋታው ቆሟል አልኩ። አሁንስ ላለቅስ ነው ስል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የትኛው ነው የባሰበት?"

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ዮሴፍ በምሳ ሰዓት መኪና ይዞ ደረሰ። አባባ ተላጭተው፣ ኮት ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ይዘው በር ላይ። ደስ አለው፤ ተዘጋጅተዋል እንዴ ብሎ ቦርሳውን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። አልሰጡትም። ቀጠሮ አለብኝ፣ መሃል ከተማ አድርሰን አሉት።

ካፌው ውስጥ ምን ልበል... ነገሡ። ጋሽ ገብረየስ እዚህ፣ ጋሽ ገብረየስ እዚያ። ወታደሮቹን አጉሊ መነጽር ይዘው አንድ በአንድ መረመሩ። የታሸገው አያስተላልፍም ብለው ለሳያት ፈረዱ። ንጉሡ ከብርጭቆው ይውጣ፣ ግን ሰው አጠገብ አይድረስ አሉ። ሙክታር በዚህ ፍርድ ክፉኛ ተሸነፈ፤ ሲጨርስ ግን ለሚቀጥለው ቅዳሜም ይምጡልን ብሎ የለመናቸው እሱ ነው። ሳያት የራሷን ቀስተኞች ደርድራ እነዚህንስ ይዩልኝ አለች። ዮሴፍ ጥግ ላይ ቆሞ ሲያያቸው አፉን መዝጋት ረሳ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አሁንም ሞከረ። ደስ ብሏቸው እንደዋሉ አይቷል፣ ግን ሌላውን ቀን እዚህ ብቻዎን ምን ይሠራሉ አላቸው። አባባ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ።

"ህሊናን ለማን ትቼ ልሂድ? ከሥራ ስትመጣ ሰው ያለበት ቤት ትግባ ብዬ እኮ ነው የምቀመጠው።"

ኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ማንም ዞሮ አላየኝም፤ ጥሩ ሆነ። እኔ ደግሞ እኔ የምጠብቃቸው መስሎኝ!

ዮሴፍ ነገ ብቻውን ይመለሳል። ቀጭን ፋሻ ፈልጎ እንዲልክላቸው አባባ አዘውታል።

ቤት ስንደርስ እሳቸው ቀድመው ገቡ፤ ዮሴፍ መኪናውን ሊያቆም ሄደ። እኔ ትንሽ ደጅ ቆየሁ። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። አንኳኳሁ።

"ማነው?" አሉ ከውስጥ።